የሰባተኛው በር ቁልፍ
(በቴአትር ወዳጆች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



«ሰማያዊ ጢም» የተባለውን የፈረንሳዮች ተረት ለመድረክ እንድናበቃ መወሰናችን ይታወሳል። ለእኔ የደረሰኝ የሚስቲቱ ክፍል ነው። ድርሰቱን ባነበብሁት ጊዜ ሥራዬ ሁሉ መጮኽና ወንድሞቼን መጠበቅ ሆኖ አገኘሁት። ዛሬ የተነሣሁትም ስለዚሁ ለመናገር ነው።

ተረቱን ሻርል ፔሮ ያሳተመው በ1697 ነው፤ ዓመቶቹን የምጠራው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው። ባለጸጋው ባል መንገድ ሲሄድ የቤቱን ቁልፎች ሁሉ ለሚስቱ ይሰጣታል፤ አንዲቱን ትንሽ ክፍል ግን እንዳትከፍት ያስጠነቅቃታል። እርሷም ትከፍታለች፤ የቀድሞ ሚስቶቹን ታርደው ታገኛቸዋለች። ቁልፉን የነካው ደም ቢታጠብ አልለቅ ይላል። ባልየው ተመልሶ ሊገድላት ሲል ሁለት ወንድሞቿ ደርሰው ይገድሉታል። ታዲያ ፔሮ ከዚህ ሁሉ በመጀመሪያ ያወጣው ምክር ጉጉት ጸጸትን ያመጣል የሚል ነው! ነፍሰ ገዳዩን ትቶ በር የከፈተችውን ወቀሰ።

ከእኛ አንዳንዶቹ «ሰይፉን ለሚስቲቱ እንስጣትና ነገሩ ይለቅ» ብለዋል። እንግሊዛዊቷ ደራሲ አንጄላ ካርተር በ1979 ባሳተመችው መጽሐፍ፥ እናትየዋ በፈረስ ጋልባ ደርሳ ባልየውን በጥይት ትጥለዋለች። ደስ ያሰኛል፤ ጭብጨባም አይታጣም። ነገር ግን ሰይፍ የሚያሸንፈው ባልየውን እንጂ ቤቱን አይደለም።

ይህን በሚገባ ያሳየው በ1907 በፓሪስ የታየው «አርያንና ሰማያዊ ጢም» የተባለው ኦፔራ ነው። ቃሉን የጻፈው ሞሪስ ሜተርሊንክ፥ ሙዚቃውን የደረሰው ፖል ዱካስ ነው። አርያን ስድስት የብር ቁልፎችና አንድ የተከለከለ የወርቅ ቁልፍ ይሰጣታል። የብሮቹን ትጥላለች፤ የምትሻው የተከለከለውን ነው። ከሰባተኛው በር በስተኋላ አምስቱን ሚስቶች በጨለማ ውስጥ በሕይወት ታገኛቸዋለች፤ መስኮት ሰብራም ብርሃን ታስገባላቸዋለች። ገበሬዎች ተነሥተው ባልየውን አስረው ባመጡት ጊዜ ገመዱን የምትፈታለት እርሷው ናት። ከዚያም «ኑ፥ እንሂድ» ስትላቸው አምስቱም እንቢ ይላሉ፤ ቁስሉን እያስታመሙ ይቀራሉ። አርያን ከሞግዚቷ ጋር ትሄዳለች።

በሩ ክፍት ሳለ ስለ ምን ቀሩ? ጥያቄው ከዚህ ላይ ነው። ተመልካች ከተከፈተ በር አጠገብ ቆመው የማይወጡ አምስት ሴቶችን በዓይኑ ሲያይ፥ ስለ ራሱ ቤት ማሰቡ አይቀርም።

እናንተም «የክበባችን በር ለሴቶች ክፍት ነው» ትሉናላችሁ። እውነት ነው፤ ማንም አልከለከለንም። ነገር ግን ድርሰቱን የጻፉት ሦስቱም ወንዶች ናቸው፤ እኛ የተጠራነው ክፍሉ ከተከፋፈለ በኋላ ነው። እኛስ ብንሆን መቼ እንጻፍ ብለን ጠየቅን? ጥፋቱ የጋራችን ነው።

ስለዚህ አሳቤ እንዲህ ነው፤ ልምምዱ በሁለት ሳምንት ይዘግይ። አምስቱ ሚስቶች እየተራመዱ ወደ በሩ ይምጡ፤ እያንዳንዳቸውም የቀሩበትን ምክንያት ይናገሩ። አንዲቱ መሄጃ የላትም፤ አንዲቱ የሰው አፍ ትፈራለች፤ አንዲቱ ታዝንለታለች። የቀሩትን ሁለቱን በክበቡ ያሉ ሴቶች ተሰብስበን እንጽፋቸው።

ይህ ካልሆነ የመጮኹን ክፍል ለሌላ ስጡ። እኔ አልይዘውም።