ስለ ውሃና ስለ ሣር ሕግ ለተማሪዎች የተነገረ ንግግር



ሕግ በወረቀት ተጽፎ ስለ ተቀመጠ ብቻ ሀገርን አይጠብቅም፤ ሀገርን የሚጠብቀው ሕዝቡ የራሱ አድርጎ የያዘው እንደ ኾነ ነው፡፡ በቀድሞ ዘመን ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አላፊ አግዳሚው «በሕግ አምላክ» ያላቸው እንደ ኾነ፣ ወታደር በሌለበት በቦታቸው ይቆሙ ነበር፡፡ እንዲህ ያለው ሥርዓት ለውሃና ለሣር ደግሞ እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ የሚወድ ሰው፣ ከነገሌ ቦረና እስከ ሞያሌ ያለውን ቆላ ይመልከት፡፡

በዚያ አገር ዝናም ጥቂት ነው፡፡ በድሬ ምድር ቱላ የሚባሉ ዘጠኝ የጥልቅ ጉድጓዶች ስፍራዎች አሉ፤ ከነዚህም አንዱ ዱብሉቅ ነው፡፡ ጎልማሶች በጉድጓዱ ውስጥ አንዱ ከአንዱ በላይ ቆመው፣ እየዘፈኑ ውሃውን እየተቀባበሉ ወደ ገንዳው ያወጡታል፡፡ ጉድጓዱን የቆፈረው ሰው ተወላጅ ኮንፊ ይባላል፤ የመጠጫውን ተራ በየቀኑ የሚያስጠብቀው ደግሞ አባ ሄሬጋ ነው፡፡ ተራ ያፈረሰ ሰው በጉድጓዱ ሸንጎ ፊት ይፈረድበታል፤ ፍርዱን እንቢ ቢል ለከብቱ ውሃ ይከለከላል፡፡ ለጠማው መንገደኛ ግን የሚጠጣው አይነፈገውም፡፡

ሕጉም የሚታደሰው በየ8 ዓመቱ በሚሰበሰበው በጉሚ ጋዮ ነው፤ በዚያም የቆየው ሕግ ለሕዝብ ይነገራል፤ የሚሻሻለውም ይሻሻላል፡፡ ይህ ጉባኤ የሚገኝበት የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በኅዳር ወር በዩኔስኮ የቅርስ መዝገብ ተጽፏል፡፡

የሽማግሌ ምክር ሳይጠየቅ የታወጀ ሕግ ግን፣ አሳቡ መልካም ቢኾን እንኳ፣ ጉዳት ያመጣል፡፡ ቦረናዎች ጊዜውን መርጠው የደረቀውን ሣር በእሳት ያቃጥሉ ነበር፤ በዚህም ቁጥቋጦው ይጠፋል፣ መዥገሩ ይሞታል፣ ለምለም ሣርም ይበቅላል፡፡ በ1960ዎቹ ዓመታት መንግሥት እሳቱን ከለከለ፡፡ ከዚያ ወዲህ፣ ከሌሎች ምክንያቶች ጋር ተባብሮ፣ የእሾህ ቁጥቋጦ ብዙውን የግጦሽ ምድር ወረሰ፤ የላሙም ወተት ከሣሩ ጋር አነሰ፡፡

ስለዚህ የመንግሥት ሹምና የአገር ሽማግሌ ተባብረው ሊሠሩ ይገባል፡፡ በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 1065 የማኅበረሰብን የደን ባለቤትነት ማወቁ ለዚህ መልካም መንገድ ነው፡፡ እናንተም ልጆች፣ ፊደል ስለ ቈጠራችሁ የአባቶቻችሁን ሕግ አትናቁ፤ ይልቁንስ ጠይቃችሁ ጻፉት፡፡ ሽማግሌው ሲያልፍ ሕጉ አብሮት እንዳይቀበር የሚያደርገው የእናንተ ብዕር ነውና፡፡