ለሳሎናችን የጫካ ሥዕል ስንመርጥ



ከዕቁብ ገንዘብ ላይ ለሥዕል ማውጣት ቅንጦት ነው የሚል ሐሳብ በመካከላችን ይሰማል። እኔ አልስማማም። ብዙዎቻችን በሰው ቤት ስንኖር ግድግዳው ላይ ምን እንደሚሰቀል የጠየቀን የለም። ዛሬ ቁልፉ በእጃችን ነው። ገንዘቡ ግን እንዳይባክን።

እኔ የምወደው ሩሲያዊው ኢቫን ሺሽኪን በ1891 እ.ኤ.አ. የሳለውን፣ ሞስኮ በትሬትያኮቭ ሙዚየም ያለውን «ዝናብ በኦክ ጫካ» ነው። ጭጋግ፣ ውሃ ያቆረ መንገድ፣ በአንድ ጃንጥላ ሥር የሚሄዱ ሁለት ሰዎች። «እንዲህ ያለ ደመና ቤት ውስጥ ምን ይሠራል?» የሚል አይጠፋም። ልብ ብላችሁ ስታዩት ግን ከዛፎቹ ወዲያ ብርሃን አለ፤ መንገዱም ወደዚያው ይሄዳል። ስትመርጡ ይህን ፈልጉ። ዓይን የሚገባበት መንገድ የሌለው ጥቁር ጫካ ጠባብ ክፍልን ይብስ ያጠባል።

ዋናውን አንገዛም፤ ቅጂ ይበቃል። ከመክፈላችሁ በፊት ከሱቁ ደጅ አውጥታችሁ በቀን ብርሃን እዩት፤ ጥቁሩ ቦታ ላይ ቅጠልና ግንድ ካልተለየ ተዉት። በአምፖል ሁሉም ያምራል! ባለ መስታወት ፍሬም ከመስኮት ፊት ለፊት ከሰቀላችሁ የምታዩት መስኮቱን ነው። ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው ግድግዳም ቀለሙን ያደበዝዘዋል።

ከሶፋ በላይ ከሆነ ስፋቱ የሶፋው ሁለት ሦስተኛ ያህል፣ መካከሉ ከወለሉ 150 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢሆን ይመረጣል። መጀመሪያ ጋዜጣ በልኩ ቆርጣችሁ ለጥፉና ሁለት ቀን እዩት። ሜትር የሌላት ከጽሕፈት ቤታችን መዋስ ትችላለች።