መሣሪያ ሲጨመር ምን ይቀነሳል? የቀላል ብረት ለበስ ተሽከርካሪዎችን ትጥቅ ስለ ማሻሻል

በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል



ለዛሬው ንግግሬ መነሻ የሆነኝ በተማሪዎቼ የመመረቂያ ጽሑፎች ላይ ደጋግሜ የማየው አንድ ልማድ ነው። ስለ ትጥቅ ማሻሻያ የሚጽፍ ተማሪ ሁለት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ያዘጋጃል። በግራ አሮጌው መሣሪያ፣ በቀኝ አዲሱ ይቀመጣል፤ ርቀቱ ጨምሯል፣ የመብሳት ኃይሉ ጨምሯል፤ ስለዚህ ተሽከርካሪው ተሻሽሏል ይላል። እኔ ግን ሁልጊዜ የምጠይቀው ስለ ሦስተኛው ዓምድ ነው፤ የተቀነሰው ምንድን ነው? በቅሎ ስትጫን ጫኙ የሚያየው ጭነቱን ነው፤ ዳገቱን የምታውቀው በቅሎዋ ናት።

ጥያቄውን በሦስት የታሪክ ምሳሌዎች እመረምራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ምሳሌ ቬትናም ነው። ኤም-113 የተባለው ሰንሰለታማ ተሽከርካሪ የተሠራው እግረኛን እስከ ውጊያው ዳር አድርሶ እንዲመለስ ነበር። አካሉ ከአሉሚኒየም የተሠራ ሲሆን በላዩ አንድ 12.7 ሚሊ ሜትር መትረየስ ተጠምዶበታል። ተኳሹ መትረየሱን ለመያዝ ከወገቡ በላይ ከሽፋኑ መውጣት ነበረበት። ጥር 2 ቀን 1963 በሜኮንግ ደለል፣ አፕ ባክ በተባለች መንደር፣ የደቡብ ቬትናም ሠራዊት እነዚህን ተሽከርካሪዎች ይዞ ምሽግ የያዘ ተዋጊ ገጠመ። በዚያ ቀን 14 ያህል የመትረየስ ተኳሾች እዚያው በተጠመዱበት ቦታ ተገደሉ።

ከአፕ ባክ የተወሰደውን ትምህርት ልብ በሉ። መፍትሔው ትልቅ መሣሪያ አልነበረም፤ በተኳሹ ፊት የቆመ የብረት ጋሻ ነበር። ኋላም በ1966 የአሜሪካ 11ኛው ብረት ለበስ ፈረሰኛ ሬጅመንት ወደ ቬትናም ሲገባ፣ በዋናው መትረየስ ዙሪያ ጋሻ፣ በግራና በቀኝ ደግሞ ጋሻ ያላቸው ሁለት ባለ 7.62 ሚሊ ሜትር መትረየሶች ተጨመሩ። ከዚያ በኋላ ግን ወታደሮቹ ከውስጥ ወርደው ከመዋጋት ይልቅ በተሽከርካሪው ላይ ሆነው ይዋጉ ጀመር። ማጓጓዣው የውጊያ ተሽከርካሪ ሆነ። ትጥቁ ሲለወጥ የሰዎቹም ጠባይ አብሮ ተለወጠ ማለት ነው። ይህን የትኛውም የመሐንዲስ ንድፍ አያሳየንም።

ሁለተኛው ምሳሌ ከሶቪየት ኅብረት ነው። በ1960ዎቹ አገልግሎት የጀመረው ቢኤምፒ-1 የታጠቀው 73 ሚሊ ሜትር መድፍ በሜዳ ላይ ታንክን ለመግጠም የታሰበ ነበር። መድፉ ወደ ላይ የሚነሣው ግን እስከ 30 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ጎማ ያለው ቢቲአር-60ም ማማ ባለው ዓይነቱ በ14.5 ሚሊ ሜትር መትረየሱ ተመሳሳይ ገደብ ነበረበት። የሶቪየት ጦር በታኅሣሥ 1979 አፍጋኒስታን ሲገባ ተኩሱ የሚመጣው ከገደል አናት ሆነ። በሸለቆ ውስጥ ያለ ተሽከርካሪ ቀና ብሎ ማየት ቢችልም፣ ቀና ብሎ መተኮስ አልቻለም። የኢትዮጵያ ሠራዊት በ1970ዎቹ ሁለቱንም፣ ከአሜሪካ ኤም-113ን ከሶቪየት ኅብረት ደግሞ ቢቲአር-60ን፣ ታጥቆ ስለነበር፣ በተራራማ አገር የሚኖር አንባቢ የዚህን ገደብ ክብደት ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻውም።

ቢኤምፒ-2 በ30 ሚሊ ሜትር ፈጣን መድፉ ይህን ችግር አቃለለ፤ መድፉ ከ70 ዲግሪ በላይ ይነሣል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ላክል፤ የዚህ ተሽከርካሪ ንድፍ የተጀመረው ከአፍጋኒስታን ጦርነት በፊት ስለሆነ፣ ጦርነቱ ወለደው ማለት አይቻልም፤ ጦርነቱ ጥቅሙን አሳየ ማለት ግን ይቻላል። አሁን ወደ ሦስተኛው ዓምድ እንመለስ። ሁለት ሰው የሚይዘው ሰፊ ማማ ቦታ ይፈልጋል። ቢኤምፒ-1 ከምድብተኞቹ ሌላ 8 እግረኞችን ይጭን ነበር፤ ቢኤምፒ-2 የሚጭነው 7 ነው። አንድ ወታደር ወረደ። ይህን በአንድ ሻለቃ ተሽከርካሪዎች ቁጥር አባዙት፤ መንደሩን የሚፈትሽ፣ ቁስለኛውን የሚያነሣ፣ ኮረብታውን የሚይዝ ሰው ምን ያህል እንደሚጎድል ታያላችሁ።

ሦስተኛው ምሳሌ ወደ ዘመናችን የቀረበ ነው። ስትራይከር የተባለው ባለ 8 ጎማ የአሜሪካ ተሽከርካሪ ከ2 ምድብተኞች ጋር 9 እግረኞችን ይጭናል። ሲታሰብ ቀላል፣ በአውሮፕላን የሚጓጓዝ እንዲሆን ነበር፤ በብዛት የታጠቀውም 12.7 ሚሊ ሜትር መትረየስ ወይም ባለ 40 ሚሊ ሜትር የቦምብ መተኮሻ ነው። ሩሲያ በ2014 ክራይሚያን ከያዘች በኋላ፣ ጀርመን ፊልዜክ የሰፈረው 2ኛው ፈረሰኛ ሬጅመንት የትጥቅ ማሻሻያ ጠየቀ። ጥያቄው በ2015 ተፈቀደ፤ የመጀመሪያው ናሙና በጥቅምት 2016 ተረከበ፤ ተሽከርካሪዎቹም ከ2017 ማብቂያ ጀምሮ ወደ ክፍሉ ገቡ። በ81 ተሽከርካሪዎች ላይ ሰው የማይቀመጥበት፣ 30 ሚሊ ሜትር መድፍ ያለው ማማ ተገጠመ፤ በሌሎቹ ላይ ጃቭሊን የተባለው ፀረ ታንክ ሚሳይል ተጨመረ።

የተገኘው ጥቅም ግልጽ ነው። የ30 ሚሊ ሜትር ጥይት ከአፈሙዝ ሲወጣ የሚይዘው ጉልበት ከ12.7 ሚሊ ሜትሩ ከ10 እጥፍ በላይ ነው። በቀድሞው አሠራር መትረየሱን ዳግም ለመጉረስ ወታደሩ ከሽፋን መውጣት ነበረበት፤ አሁን ከውስጥ ሆኖ ያጎርሳል። የአፕ ባክ ትምህርት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ በዚህ መልክ ተመለሰ።

ሦስተኛው ዓምድስ? ወደ 2 ቶን የሚጠጋ ክብደት ተጨምሯል፤ ያውም ከጣሪያው በላይ። የክብደት ማዕከሉ ከፍ ሲል በተዳፋትና በጠመዝማዛ መንገድ የመገልበጥ አደጋው ይጨምራል፤ ጎማና ሞላ ቶሎ ያልቃሉ፤ ለስላሳ መሬት የመዋጥ ዕድሉ ያይላል። አንድ የ30 ሚሊ ሜትር ጥይት ከአንድ የ12.7 ሚሊ ሜትር ጥይት ከ5 እጥፍ በላይ ስለሚመዝን፣ የሚያዘው የጥይት ቁጥር ያንሳል፤ የስንቅና ትጥቅ አቅራቢው ሸክም ግን ይከብዳል። ከሁሉም በላይ ደግሞ የተሽከርካሪው አካል ያው ነው። ዋናው ጥበቃው የታሰበው እስከ 14.5 ሚሊ ሜትር ጥይት ድረስ ነው። የራሱ መድፍ የሚያደርሰውን ዓይነት ምት ራሱ ሊቋቋም አይችልም።

የዚሁ ተሽከርካሪ ሌላ ዓይነት ይበልጥ ያስተምረናል። 105 ሚሊ ሜትር የታንክ መድፍ የተጫነበትና በራሱ የሚጎርሰው ስትራይከር፣ በቀላል አካል ላይ ከባድ ኃይል ለማሳደር የተደረገ ደፋር ሙከራ ነበር። የአሜሪካ ጦር በ2021 ከአገልግሎት እንደሚያስወጣው አስታወቀ፤ ከተጠቀሱት ምክንያቶች መካከል ያረጀው መድፍና የማጉረሻው ሥርዓት ይገኙበታል። በዚያው ዓመት ግን ባለ 30 ሚሊ ሜትሩ ማማ ወደ ሌሎች ብርጌዶች እንዲስፋፋ ውል ተፈረመ። ከዚህ የምንረዳው አካሉ የሚሸከመው ልክ እንዳለው ነው።

እንግዲህ ከእነዚህ ምሳሌዎች ሦስት ጥያቄዎችን ላውጣ። አንደኛ፣ ጉድለቱ በእርግጥ የመሣሪያው ነው ወይስ የጋሻው፣ የዕይታው ወይስ የሥልጠናው? ሁለተኛ፣ ክብደቱንና ቦታውን የሚከፍለው ማን ነው፤ ሞተሩ፣ ጥይቱ ወይስ ከኋላ የተቀመጠው እግረኛ? ሦስተኛ፣ አዛዡ ይህን ትልቅ መድፍ ሲያይ ተሽከርካሪውን እንደ ታንክ ለማሰለፍ ቢፈተን፣ የሚከለክለው መመሪያ ተጽፏል ወይ?

ሦስተኛው ጥያቄ እንቅልፍ የሚነሣኝ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጥያቄዎች በስሌት ሊመለሱ ይችላሉ። ሦስተኛው የሚመለሰው ግን በትእዛዝ ነው፤ ስህተቱ የሚታወቀውም ከውጊያ በኋላ ነው። መድፉ የጠላትን ተሽከርካሪ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ሊመታ ይችላል፤ የጠላት መድፍም ከዚያው ርቀት ሊመልስ ይችላል። በዚያች ቅጽበት በቀጭኑ ብረት ውስጥ 9 እግረኞች ተቀምጠዋል፤ መሣሪያውን አልመረጡም፣ ሠንጠረዡንም አላዩም።

ውድ ተማሪዎች፤ ማሻሻያን ተቃወሙ እያልኳችሁ አይደለም። የአፕ ባክ ተኳሾች ጋሻ ቢኖራቸው ኖሮ ብዙዎቹ በተረፉ ነበር፤ በሸለቆ የተያዘው እግረኛም ቀና የሚል መድፍ ይገባው ነበር። የምለው ይህ ነው፦ ሦስተኛውን ዓምድ ባዶ ትታችሁ ጽሑፋችሁን አታስረክቡኝ።