መረጃን እንደ ወፍጮ እህል ማፍሰስ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ከኮምፒዩተር ክበብ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው በጃቫስክሪፕት ቋንቋ መረጃ እየፈሰሰ የሚነበብበትንና የሚጻፍበትን ዘዴ በአጭሩ ለማስረዳት ነው። ይህንንም የተማርነው ከስሕተታችን ነው። ለልምምድ ያዘጋጀነውን እጅግ ትልቅ ፋይል በአንድ ጊዜ ወደ ኮምፒዩተሩ ሜሞሪ ብንጭነው ሜሞሪው ሞላና ፕሮግራማችን ቆመ። እኛም ጥፋቱን በኮምፒዩተሩ አሳበብን፤ አዲስ እንዲገዛልንም ለወላጆች ኮሚቴ ደብዳቤ መጻፍ ጀመርን።

መላው ግን የተገኘው ከወፍጮ ቤት ነው። እዚህ ደጀን ጤፍ ልናስፈጭ ስንሄድ ጆንያው ሁሉ በአንድ ጊዜ በድንጋዩ ላይ አይገለበጥም። እህሉ ከቋቱ ጥቂት በጥቂት ይወርዳል፤ ዱቄቱንም አንዱ ከታች በከረጢት ይቀበላል። ከረጢቱ ሲሞላ «ቆይ!» ይላል፤ ሲለውጥም «ልቀቀው!» ይላል።

ጃቫስክሪፕትን በ1995 እ.ኤ.አ. ብሬንዳን አይክ ለኔትስኬፕ መቃኛ ፈጠረው። በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሪያን ዳል ኖድ ጄኤስን አወጣ። በዚህ በኖድ ጄኤስ ፋይል በፈሳሽ መልክ ሲነበብ፥ ሌላ ልክ ካልተሰጠው፥ እስከ 64 ኪሎባይት በሚደርስ ቁራሽ ይቀርባል።

የሚነበብ ፈሳሽ ለመፍጠር «ሪደብል» ከተባለው ተነሥተን «ሪድ» የተባለውን ተግባር እንጽፍለታለን። እርሱም በ«ፑሽ» ቁራሹን ያቀብላል፤ ሲጨርስ «ነል» የተባለውን ባዶ ምልክት ይልካል። ምልክቱ ከተረሳ ተቀባዩ መጨረሻውን ሳያውቅ ይቀራል። የሚጻፍበት ፈሳሽ «ራይተብል» ይባላል፤ እርሱም አንዱን ቁራሽ ጽፎ «ጨርሻለሁ» ካላለ ሁለተኛው አይመጣለትም። ማቆያው ከልኩ ሲደርስ «ፎልስ» ብሎ ይመልሳል፤ ይኸውም «ቆይ» ማለት ነው። ሲቃለልለት «ድሬይን» ይላል፤ ይኸውም «ልቀቀው» ማለት ነው። ላኪው «ቆይ» መባሉን ችላ ቢል ግን ትርፉ በሜሞሪ ላይ ይከመራል፤ የቀድሞው ችግርም ይመለሳል። ስለዚህ ሁለቱን በ«ፓይፕላይን» ማያያዝ ይበጃል፤ መጠባበቁን ራሱ ይፈጽማል፤ አንዱ ቢሰናከልም ሌላውን ዘግቶ ስሕተቱን ያስታውቃል።

ፕሮግራሙን በዚህ መንገድ እንደ ገና ብንጽፈው ያው አሮጌ ኮምፒዩተር ያንኑ ፋይል ሳይቆም አንብቦ ጻፈው። ደብዳቤውንም ቀደድነው። ውድ ጓደኞቻችን፤ ጕድለቱ ከመሣሪያው ሳይሆን ከአሠራራችን ነበርና፥ መሣሪያ አነሰን ከማለታችን በፊት አሠራራችንን እንመርምር።