ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር ስንት ነው?
ለሥራ ፈላጊ ወጣቶችና ለወላጆች የተደረገ ንግግር

(ከዚህ በታች የምታነቡት በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ አንድ በጡረታ ላይ ያሉ የሒሳብ አስተማሪ ያደረጉት ንግግር ነው። በዕለቱ መገኘት ላልቻሉ ነዋሪዎች ሲባል በሰሌዳችን ላይ አውጥተነዋል። ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ ብታነቡት ይሻላል።)



እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ሥራ መግቢያ ፈተና ነው። በሰፈራችን ከዩኒቨርሲቲም ከኮሌጅም የተመረቁ፣ ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር ዶክመንታቸውን በፕላስቲክ ይዘው የሚሮጡ ልጆች ብዙ ናቸው። ተመዝግበው፣ ተጠርተው፣ ተፈትነው ይመለሳሉ። «እንዴት ነበር?» ሲባሉ ብዙዎቹ የሚሉት አንድ ነው፤ «ሌላው ደኅና ነበር፤ ያ የቁጥሩ ነገር ግን ጉድ ሠራኝ።» የቁጥሩ ነገር የሚሉት፣ አምስት ስድስት ቁጥሮች ተደርድረው መጨረሻ ላይ የጥያቄ ምልክት የሚቀመጥበት ነው። አካውንታንቱም፣ ነርሷም፣ የታሪክ ምሩቁም እኩል ይጠየቁታል። አንዳንዱ አሠሪ በጽሑፍ ይሰጠዋል፤ አንዳንዱ ደግሞ በቃለ መጠይቁ መካከል፣ ሰው ወሬ ላይ ሳለ ድንገት ጣል ያደርገዋል።

እኔ በበኩሌ እዚህ ላይ የሚወድቁ ልጆች አእምሮ ጎድሏቸው ነው ብዬ አላምንም። የሚወድቁት ጥያቄውን ከዚያ በፊት ስላላዩት ነው። የለመደ ሰው እንደሚሻል ፈተና የሚያዘጋጁትም ያውቁታል። ስለዚህ የማሳያችሁ ጥበብ ሳይሆን ልማድ ነው።

መጀመሪያ ከየት መጣ? ነገሩ አዲስ አይደለም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1917 ወደ መጀመሪያው የዓለም ጦርነት ስትገባ፣ ብዙ ምልምል በአንድ ጊዜ መመደብ ስለነበረባት፣ የሥነ ልቦና ሊቃውንት አንድ ፈተና አዘጋጁላት። ማንበብ ለሚችሉት አርሚ አልፋ፣ ለማይችሉት አርሚ ቤታ ይባል ነበር። ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ወታደሮች ተፈትነዋል። በአልፋው ውስጥ ከነበሩት ስምንት ክፍሎች አንዱ ይኸው የቁጥር ሰልፍ ነበር። ጦርነቱ አለቀ፤ ጥያቄው ግን ወደ ትምህርት ቤቱም ወደ ፋብሪካውም ወደ ቢሮውም ገባና ቀረ። ምክንያቱም ርካሽ ነው፤ ለማዘጋጀት ቀላል፣ ለማረም ቀላል፣ ሺህ ሰው በአንድ አዳራሽ ማስቀመጥ ይቻላል።

እስቲ ወደ ሥራው እንግባ።

7፣ 11፣ 15፣ 19 ቢባል ቀጥሎ 23 መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ አራት አራት እየጨመረ ነው። አሁን ደግሞ 3፣ 4፣ 6፣ 9፣ 13 እንበል። አንድ ዓይነት ጭማሪ የለውም። እዚህ ላይ ብዙ ልጅ ቁጥሮቹ ላይ አፍጥጦ ይቀመጣል፤ ማፍጠጥ ግን ምንም አይፈይድም። እርሳሳችሁን አንሡና በየሁለቱ ቁጥር መካከል ያለውን ልዩነት ከሥር ጻፉ፤ 1፣ 2፣ 3፣ 4። ቀጥሎ 5 ነው፤ እንግዲህ 13 ላይ 5 ስትጨምሩ 18። ከንግግሬ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፤ ልዩነቱን ከሥር ጻፉ። ከሥር የተጻፈውም ካልገባችሁ የእሱን ልዩነት ደግሞ ከእሱ ሥር ጻፉ። ግማሽ ያህሉ ጥያቄ እዚሁ ላይ ይፈታል ብል ብዙ አላጋነንኩም።

2፣ 6፣ 12፣ 20፣ 30ን ውሰዱ። ልዩነቱ 4፣ 6፣ 8፣ 10፤ ቀጥሎ 12፤ መልሱ 42። አንዲት ጎበዝ ልጅ ደግሞ በሌላ መንገድ ትመጣለች፤ 1 በ2፣ 2 በ3፣ 3 በ4፣ 4 በ5፣ 5 በ6፣ ስለዚህ 6 በ7፣ 42። ሁለት መንገድ አንድ ቤት ሲያደርስ ደስ ይላል፤ መልሱም ትክክል ስለመሆኑ ልብ ያርፋል።

ቁጥሩ ቶሎ ቶሎ የሚያድግ ከሆነ መደመር ሳይሆን ማባዛት አለበት ማለት ነው። 1፣ 2፣ 6፣ 24፣ 120 ሲባል በ2፣ በ3፣ በ4፣ በ5 እየተባዛ ነው፤ ቀጥሎ በ6፣ 720። አንዳንዴ ማባዛቱና መደመሩ ይቀላቀላሉ፤ 3፣ 7፣ 15፣ 31፣ 63 እያንዳንዱ ዕጥፍ ሆኖ አንድ ሲጨመርበት ነው፤ ቀጥሎ 127። እያነሰ የሚሄድ ከሆነም ያው ነው፤ ወይ እየተቀነሰ ወይ እየተካፈለ ነው።

አሁን ልጆቻችንን በብዛት የሚያስለቅሰው ይመጣል። 4፣ 50፣ 7፣ 45፣ 10፣ 40፣ ከዚያስ? ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፣ ከፍ ይላል፤ ልዩነት ቢጻፍ ትርምስ ነው። ምን መሰላችሁ? በአንድ ገመድ ላይ የሁለት ቤት ልብስ ተሰጥቷል። አንዱን እየዘለላችሁ አንብቡ። 4፣ 7፣ 10 የአንደኛው ቤት ነው፤ 50፣ 45፣ 40 የሁለተኛው። ተራው የአንደኛው ስለሆነ መልሱ 13። ቁጥሮቹ ከፍና ዝቅ ካሉ፣ ሰልፉም ረዘም ካለ፣ ሰባት ስምንት ቁጥር ከሆነ፣ ሁለት ቤት መሆኑን ጠርጥሩ።

ሌላው ዓይነት ያለፉትን ሁለት ደምሮ የሚሄድ ነው፤ 1፣ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8፣ 13፣ ቀጥሎ 21። ይህ ፊቦናቺ እየተባለ የሚጠራው ነው። የፒዛው ሊዮናርዶ እ.ኤ.አ. በ1202 በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ በጥንቸሎች መራባት አስመስሎ አቅርቦታል፤ የሕንድ ሊቃውንት ግን ስለ ግጥም ምጣኔ ሲመራመሩ ከእሱ ቀድመው ደርሰውበት ነበር። ፈታኞች ይወዱታል፤ መነሻውን ለውጠው ያመጡታልና ተጠንቀቁ። 4፣ 5፣ 9፣ 14፣ 23 ቢሏችሁ 37 ነው።

ከዚህ በተረፈ እንደ ሰው ፊት የምትለዩአቸው ቁጥሮች ይኑሯችሁ። በራሳቸው የተባዙት 1፣ 4፣ 9፣ 16፣ 25 እስከ 225 ድረስ፤ ሦስት ጊዜ የተባዙት 1፣ 8፣ 27፣ 64፣ 125፤ የ2 ዕጥፎች እስከ 1024፤ በ1ና በራሳቸው ብቻ የሚካፈሉት ብቸኛ ቁጥሮች 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13፣ 17፣ 19፣ 23። እነዚህን የሚያውቅ ሰው 2፣ 5፣ 10፣ 17፣ 26ን ሲያይ እያንዳንዱ ከጎረቤቱ ከ1፣ 4፣ 9፣ 16፣ 25 በአንድ እንደሚበልጥ ወዲያው ያያል።

አንድ ቀልደኛ ልጨምር። 1፣ 11፣ 21፣ 1211፣ 111221። ብትደምሩም ብታባዙም አይገኝም። ጮክ ብላችሁ አንብቡት። መጀመሪያ «አንድ 1» አለ፤ ይህ 11 ሆኖ ተጻፈ። እሱ ደግሞ «ሁለት 1» ነው፤ 21። ያ «አንድ 2፣ አንድ 1» ነው፤ 1211። መጨረሻው «ሦስት 1፣ ሁለት 2፣ አንድ 1» ስለሆነ መልሱ 312211። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጆን ኮንዌይ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ በቁም ነገር መረመረው። ምንም ያህል ቢቀጥል ከ3 የሚበልጥ አኃዝ አይገባበትም። እንዲህ ያለውን በሥራ ፈተና ላይ ማቅረብ ግን፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ሰው መፈተን ሳይሆን ሰው ላይ መሳቅ ነው።

በስብሰባው መካከል አንዲት እናት ጥያቄ ጠይቀውኛል። «ጋሼ፣ መልሱ አንድ ብቻ መሆኑን በምን እናውቃለን?» አሉኝ። እማማ፣ ይህ የሊቅ ጥያቄ ነው። እውነቱን ለመናገር መልሱ አንድ ብቻ አይደለም።

አንድ የውጭ አገር ሰው ፊት 30 ብላችሁ አሥራ ሁለት ጊዜ ጻፉለትና አሥራ ሦስተኛውን ጠይቁት። ሳያመነታ 30 ይላችኋል። እዚህ ያለ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ግን 5 ይላል፤ ጳጉሜን ያውቃታላ! ዘመነ ሉቃስ ከሆነም፣ በ2011ና በ2015 ዓ.ም. እንዳየነው፣ 6 ይላል። የቱ ተሳሳተ? ማንም አልተሳሳተም። አቦል፣ ቶና ሲባል በረካ የሚለው አብሮን ቡና የጠጣ ሰው ነው።

በሒሳብ ውስጥም እንዲሁ ነው። 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 ሲባል ሁሉም 32 ይላል። ክብ ሥሩና በጠርዙ ላይ ነጥቦች አድርጉ፤ ነጥቦቹን ሁሉ እርስ በርስ በመስመር አገናኙና ክቡ ቢበዛ ለስንት ክፍል እንደተከፈለ ቁጠሩ። በአንድ ነጥብ 1፣ በሁለት 2፣ በሦስት 4፣ በአራት 8፣ በአምስት 16 ይሆናል። በስድስት ነጥብ ግን 31 ነው፤ 32 አይደለም። የማያምን ቤቱ ሄዶ ይሞክር፤ ሦስት መስመሮች በአንድ ነጥብ እንዳይገናኙበት ብቻ ይጠንቀቅ። ኒል ስሎን የተባለው የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ እንዲህ ያሉ ሰልፎችን ሰብስቦ በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ 2372 አስፍሮ ነበር፤ ዛሬ በኢንተርኔት ላይ ያለው መዝገብ ከ370 ሺህ በላይ ይዟል። በአንድ ዓይነት ቁጥሮች ጀምረው ኋላ የሚለያዩ በውስጡ ሞልተዋል።

ስለዚህ ፈተናው የሚጠይቃችሁ «ፈታኙ ምን አስቦ ነበር?» ብሎ ነው። ፈታኙ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያሰበው ቀላሉን ነው። በጽሑፍ ፈተና ላይ ቀላሉን ደንብ ፈልጉ፤ ደንቡ የተሰጡትን ቁጥሮች በሙሉ ማስረዳት አለበት። ሦስቱን አስረድቶ አራተኛው ላይ የሚሰናከል ደንብ ደንብ አይደለም፤ ጣሉት። ምርጫ ካለው ምርጫዎቹን አስቀድማችሁ ተመልከቱ፤ ሁሉም ጎዶሎ ቁጥር ከሆኑ ወይም በጣም ትልልቅ ከሆኑ እሱም መንገድ ያሳያል። አንድ ደቂቃ ቆይታችሁ ካልመጣላችሁ ምልክት አድርጋችሁ እለፉ። ብዙ ልጅ የሚወድቀው ባልፈታው ጥያቄ ሳይሆን፣ እሱ ላይ ተቀምጦ ሳያያቸው በቀሩት አሥር ጥያቄዎች ነው። ለተሳሳተ መልስ ነጥብ የሚቀነስ መሆን አለመሆኑንም መመሪያው ላይ አንብቡ፤ ካልተቀነሰ ባዶ ቦታ አትተዉ።

በቃለ መጠይቅ ላይ ከሆነ ግን ዝም አትበሉ። «ልዩነታቸውን አየሁ፤ 3፣ 5፣ 7 ነው፤ ስለዚህ ቀጥሎ 9 ይጨመራል» እያላችሁ አስረዱ። ጠያቂው ቁጥሩን ያውቀዋል፤ የሚፈልገው አካሄዳችሁን መስማት ነው። ከእሱ የተለየ መልስ ብታገኙ እንኳ ደንባችሁን በትሕትና ተናገሩ፤ አስተዋይ ጠያቂ ይቀበላችኋል። ካልመጣላችሁም «እስካሁን ይህን ይህን ሞክሬያለሁ» ማለት አንገት ደፍቶ ከመቀመጥ እጅግ ይሻላል።

አንድ አባት ደግሞ «ታዲያ ይህ ለገንዘብ ያዥነት ምን ያደርጋል?» ብለዋል። ለብቻው ብዙ አያደርግም። የጉግል የሰው ኃይል ኃላፊ የነበረው ላስሎ ቦክ እ.ኤ.አ. በ2013 በቃለ መጠይቅ ላይ እንቆቅልሽ መጠየቅ ጊዜ ማባከን እንደሆነባቸው በይፋ ተናግሯል። በ2022 ፖል ሳኬትና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት ደግሞ የአእምሮ ችሎታ ፈተና የሥራ ውጤትን አስቀድሞ የማሳየት ኃይሉ ቀድሞ ከተገመተው ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል፤ ለሁሉም አመልካች አንድ ዓይነት ሆኖ በሥርዓት የተዘጋጀ ቃለ መጠይቅ በልጦታል። አሠሪዎቻችን ይህን ቢሰሙ ደግ ነበር። እስኪሰሙ ድረስ ግን ልጆቻችን በዚሁ በር ማለፍ አለባቸው፤ በሩ ጠማማ ነው ብለን ደጅ አንቀርም።

ለወላጆች አንድ ነገር አለኝ። የሾለከ ፈተና ነው እየተባለ ፎቶ ኮፒ በብር የሚሸጥላችሁን አትግዙ፤ የተሸጠው እውነተኛ ቢሆን እንኳ ልጁን ለክስ ይዳርገዋል እንጂ ሥራ አያስገኝለትም። ደግሞም አንድ ቁጥር ያልመጣለትን ልጅ «ይኸን ሁሉ ዓመት ምን ተማርክ?» አትበሉት። በዚያ ቃል አንገቱን የደፋ ልጅ ለሚቀጥለው ማስታወቂያ መመዝገብ ይተዋል።

ለልምምድ ስድስት ልተውላችሁ። ሀ) 81፣ 27፣ 9፣ 3፤ ለ) 6፣ 10፣ 18፣ 34፣ 66፤ ሐ) 100፣ 3፣ 90፣ 6፣ 80፣ 12፤ መ) 1፣ 8፣ 27፣ 64፤ ሠ) 2፣ 3፣ 5፣ 9፣ 17፤ ረ) 7፣ 8፣ 15፣ 23፣ 38። ሰዓት ይዛችሁ ሥሩ፤ ስድስቱንም በስድስት ደቂቃ።

(መልስ፦ ሀ 1፤ ለ 130፤ ሐ 70፤ መ 125፤ ሠ 33፤ ረ 61። አንባብያን ሠርተው ሳይጨርሱ እንዳያዩት መልሱን በእጃችሁ ሸፍኑት።)