ንጹሕ እጅና የበሽተኛ ስንቅ

(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



 

እንድንናገርበት የተሰጠን ጉዳይ ስለ ጤና ነው። እኛ ሐኪሞች አይደለንም። ትምህርታችንም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ዕድሜያችንን የጨረስነው መዝገብ ቤት ውስጥ ወረቀት ስናገላብጥ፣ ገቢና ወጪ ስንጽፍ ነው። ስለዚህ ከባለሙያ የሰማነውን፣ አንብበን የተረዳነውንና በዓይናችን ያየነውን እንደ ጸሐፊ ልማዳችን በተራ በተራ እናቀርባለን። የጎደለውን ከመካከላችን ያሉት የጤና ባለሙያዎች ይሙሉልን።

ለዚህ ንግግር ስንዘጋጅ የዕድራችንን መዝገብ አውጥተን ገለጥነው። የድንኳን ዓምድ አለ። የወንበርና የሰሐን ዓምድ አለ። የማገዶ፣ የንፍሮ፣ የከፈንና የሣጥን ዓምድ አለ። ሰው ከሞተ በኋላ የሚያስፈልገው ሁሉ ሳንቲም ሳይቀር ተጽፎ ይገኛል። «ለታመመ» የሚል ዓምድ ግን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ፈልገን አጣን። የዛሬው ንግግራችን ስለዚህ ስለጎደለው ዓምድ ነው።

ነገሩን ከራሳችን ጥፋት እንጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የዕድራችን አባል የሆድ ዕቃ ኦፕራሲዮን ተደርጎለት ሐኪም ቤት ተኛ። የሰውየውንም የሐኪም ቤቱንም ስም አንጠራም። ኦፕራሲዮኑ በደኅና አለቀ ተባለ። እኛም እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መኪና ተኮናትረን፣ አሥራ ስምንት ሰዎች ሆነን ልንጠይቀው ሄድን። መቀመጫ ስላልነበረ ገሚሶቻችን አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ገሚሶቻችን እግሩ ሥር ተቀመጥን። ሁላችንም ጨብጠን ሳምነው። ከመካከላችን ሳል የያዘው ነበር። ጋቢውን ገለጥ አድርጎ «እስቲ ቁስሉን ልየው» ያለም ነበር። በዚያች ሰዓት ከቧንቧው ውሃ አልነበረም፤ እኛም ውሃ የት አለ ብለን አልጠየቅንም። የወሰድንለት ለስላሳና ብርቱካን ነበር። ለስላሳውንም ቢሆን ስንጫወት አብዛኛውን ራሳችን ጠጣነው።

ባለቤቱ ብቻዋን ታስታምመው ነበር። ከሐሙሲት ምግብ የሚያመላልስላት ሰው አልነበረም። እሱን ትታ መሄድ ስለማትችል ከበር ላይ ሻይና ዳቦ እየገዛች ታቀምሰዋለች። ሰውየው ከቀን ወደ ቀን ከሳ። በስምንተኛው ቀን ቁስሉ መግል ያዘ፤ ትኩሳትም ተነሣበት። በሁለተኛው ሳምንት ዐረፈ።

ታዲያ የዚያን ዕለት የዕድራችንን ቅልጥፍና ብታዩ! ጡሩምባ ተነፋ፣ እኩለ ቀን ሳይሆን ድንኳኑ ተተከለ፣ የሚጎድል ነገር አልነበረም። ከቀብር በኋላ ገንዘቡን ቆጥረን ለባለቤቱ ስናስረክብ እንዲህ አለችን፤ «ጋሼ፣ ይህ ብር የዛሬ ሳምንት ቢደርሰኝ ኖሮ ዕንቁላል እገዛበት ነበር።» መልስ አልነበረንም። አስፈርመን መዝገቡ ላይ «ተከፍሏል» ብለን ጻፍን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት እንግዲህ ይኸው ነው።

ቁስሉን ያመገለው ምን እንደ ሆነ እኛ ልንፈርድ አንችልም። ነገር ግን እጃችን ንጹሕ እንዳልነበረ፣ ሰሐኑም ባዶ እንደ ነበረ እናውቃለን። ከዚያ ወዲህ ባለሙያዎችን ስንጠይቅ በሽተኛን የሚጠብቁት፣ ከመድኃኒቱ ጋር፣ እነዚሁ ሁለት ነገሮች መሆናቸውን ነገሩን፤ ንጹሕ እጅና በቂ ምግብ።

በመጀመሪያ ስለ እጅ እንናገር። በ1847 እ.ኤ.አ. በቪየና ከተማ ኢግናዝ ዜመልቫይስ የሚባል ሐኪም ነበር። በሚሠራበት የማዋለጃ ክፍል ከ100 ወላዶች በአንድ ወር ውስጥ እስከ 18 የሚሞቱበት ጊዜ ነበር። ሐኪሞቹ ሬሳ ከሚመረምሩበት ክፍል ወጥተው በቀጥታ ወላዶቹን ይነኩ እንደ ነበር አስተዋለ። እጃቸውን በክሎሪን ውሃ እንዲታጠቡ አዘዘ። በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ የሟቾቹ ቁጥር ከ100 ወላዶች መካከል ወደ 2 ገደማ ወረደ። አዲስ መድኃኒት አልተገኘም፤ እጅ ብቻ ነው የታጠበው። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ የሙያ ጓደኞቹ አላመኑትም። «የእኔ እጅ ነው ሰው የገደለው?» ብሎ መቀበል ለማንም ይከብዳል። ለእኛም ከብዶናል።

ይህ ያለፈ ዘመን ነገር እንዳይመስለን። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ዓ.ም. እንዳስታወቀው፣ እንደኛ ባሉ አገሮች ሐኪም ቤት ተኝተው ከሚታከሙ 100 ሰዎች 15 ያህሉ ይዘውት ያልመጡት ሌላ በሽታ እዚያው ተኝተው ሳሉ ይይዛቸዋል። በሀብታሞቹ አገሮች 7 ያህል ናቸው። ይህ በሽታ በሠራተኛው እጅ፣ በዕቃ፣ በአስታማሚ፣ በጠያቂም ይገባል። ስለዚህ ሐኪም ቤቱን ብቻ መውቀስ አያዋጣም፤ ከጠያቂዎቹ አንዱ እኛ ነን።

ሁለተኛው ምግብ ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. ኔቪን ስክሪምሾ የሚባል ተመራማሪ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የጻፈውን መጽሐፍ የዓለም ጤና ድርጅት አሳትሞ ነበር። ሐሳቡ በእኛ ቋንቋ ሲነገር እንዲህ ነው። ረኀብ ሰውነትን ያደክምና ለበሽታ በር ይከፍታል። በሽታ ደግሞ በተራው ምግብ ይዘጋል፤ ትኩሳቱ ያለውን ያቃጥላል፣ ተቅማጡ የበላውን ያስወጣል። አንዱ ሌላውን እየጎተተ ሰውየውን ጉድጓድ ይከቱታል። ቁስል የሚሽረው፣ ሰውነትም በሽታን የሚዋጋው ከምግብ በሚያገኘው ነው። መድኃኒት ጠላትን ይመታል፤ የፈረሰውን ቤት የሚጠግነው ግን ምግብ ነው።

ይህን ለማወቅ ቪየና ድረስ መሄድም አያስፈልገንም። ከዚህ ከሐሙሲት ተነሥተን ጉማራን ተሻግረን፣ ወረታን አልፈን፣ ርብን ብንሻገር አዲስ ዘመን እንደርሳለን። በ1997 ዓ.ም. ግንቦት ወር በሊቦ ከምከም ካላዛር መግባቱ ታወቀ። ትኩሳቱ የማይለቅ፣ ጣፊያን የሚያሳብጥ፣ ሰውን አክስቶ አጥንት የሚያስቀር፣ ካልታከሙት የሚገድል በሽታ ነው። ቀድሞ ለሥራ ወደ መተማና ሑመራ ቆላ የሚወርዱ ሰዎች ይዘውት የሚመጡት ነበር እንጂ በደጋችን ብዙም አይታወቅም ነበር። ወረርሽኙ በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ከፍ አለ፤ ወደ ፎገራም ተዛመተ።

የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ የምትባል ትንሽ ነፍሳት ናት። በዚያን ጊዜ 171 ሕሙማንን ከ171 ጤነኞች ጋር ያስተያየ ጥናት ተደርጎ ነበር። ሌሊት ደጅ የማደር ልማድ ያለው፣ ቀን ከግራር ሥር የሚተኛ፣ ቤቱ ውሻ ያለው ሰው ይበልጥ ተይዞ ተገኘ። ከብት ጠባቂዎቻችንና እርሻ ጠባቂዎቻችን ይህን ልብ ይበሉ።

ለዛሬው ጉዳያችን የሚበጀው ግን ሌላው ጥናት ነው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች በአካባቢው ከግንቦት 1997 እስከ ታኅሣሥ 2000 ዓ.ም. ያከሟቸው ሕሙማን መዝገብ ተመርምሮ ነበር። እኛም የመዝገብ ሰዎች ስለሆንን ይህ ደስ ብሎናል፤ በደንብ የተያዘ መዝገብ የሰው ሕይወት ያድናልና። ከአራቱ ሦስቱ ወንዶች ነበሩ፤ ግማሾቹም ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት አይበልጥም ነበር። ታክመው ሳለ ከ100 ሰዎች 4 ያህሉ ሞቱ። ዕድሜያቸው 45 እና ከዚያ በላይ የሆኑት ከወጣቶቹ አምስት እጥፍ ለሞት የቀረቡ ነበሩ። መድኃኒት እየተሰጣቸው እነማን ሞቱ? መዝገቡ ሲገለጥ ብዙውን ጊዜ ሌላ ነገር የተደረበባቸው ነበሩ፤ እጅግ የከሱት፣ ሰውነታቸው ያበጠው፣ የሚያስታውካቸው፣ የሳንባ ምች ወይም የሳንባ ነቀርሳ ወይም ኤች አይ ቪ ያለባቸው። እንግዲህ ልብ እንበል። አንዱ በሽታ፣ አንዱ ሕክምና፤ ነገር ግን የከሳውና ሁለተኛ በሽታ የተጨመረበት ከሌላው ይልቅ ለሞት ቀረበ።

እዚህ ላይ «የፎገራ ሜዳ እኮ ሩዝ የሚታፈስበት ነው፣ የምን መክሳት?» የሚል አይጠፋም። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በፎገራና በሊቦ ከምከም ትምህርት ቤት የሚገቡበት ዕድሜ ላይ የደረሱ ልጆችን ለክቶ፣ በገጠር ከ100 ልጆች 43 ያህሉ፣ በከተማ 29 ያህሉ ቁመታቸው ከዕድሜያቸው ያነሰ ሆኖ አግኝቷቸዋል። ሩዝ ሆድ ይሞላል፤ ብቻውን ግን አካል አይገነባም። ዕንቁላሉንና ወተቱን ለገበያ አውጥተን ልጁን በሩዝና በእንጀራ ካሳደግነው፣ የታመመ ዕለት የሚቆምበት ስንቅ የለውም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ከባለሙያዎች የሰማነውን በአጭሩ እናስቀምጥ።

አንደኛ፣ በሽተኛ ለመጠየቅ ስንሄድ ሁለት ሁለት እንሁን። ስንገባም ስንወጣም እጃችንን በሳሙና እንታጠብ። ሐኪም ቤቱ ውሃ ከሌለው በጀሪካን ውሃና አንድ ሳሙና ይዘን እንሂድ። አልጋው ላይ አንቀመጥ፤ ቁስሉን አንንካ፤ ፋሻውን አንግለጥ። በኮሮና ጊዜ በ2012 ዓ.ም. በየደጁ ቧንቧ ያለው በርሜል አቁመን አልነበረም? በርሜሉ ዛሬ ጤፍ ማስቀመጫ ሆኗል። ልማዱን ግን አብረን መጣል አልነበረብንም።

ሁለተኛ፣ ሳል፣ ጉንፋን ወይም ተቅማጥ ያለበት ሰው ይቅር። በአገራችን «ታምሜ አልጠየቀኝም» ማለት የዘመን ቂም ነው፤ ይህን እናውቃለን። ስለሆነም ምግብ የላከ ሰው እንደ ጠየቀ ተቆጥሮ በመዝገብ ይጻፍለት። የመቅረቱንም ምክንያት ለበሽተኛው የሚነግር ሰው ይኑር።

ሦስተኛ፣ ለስላሳውን ትተን ምግብ እንውሰድ። ምን መብላት እንደሚፈቀድለት አስቀድመን ነርሷን እንጠይቅ፤ ኦፕራሲዮን የሆነና ስኳር ያለበት ሰው የራሱ ሥርዓት አለው። ከተፈቀደ የተቀቀለ ዕንቁላል፣ የፈላ ወተት፣ የምስር ወጥ፣ በደንብ የበሰለ የጣና ዓሣ፣ ሾርባና አጥሚት፣ ጎመንና ፍራፍሬ ይሁን። ትኩስ ሆኖ፣ ተከድኖ፣ በታጠበ ዕቃ ይሂድ። የተረፈው ተቀምጦ ለማግሥቱ አይሰጥ። እጅግ የከሳውን ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ እናብላህ ማለት ይጎዳዋል፤ ባለሙያው እንዳዘዘው ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ ይሰጠው።

አራተኛ፣ በጾም ወራት «ወተት አልቀምስም» የሚል በሽተኛ ብዙ ነው። የንስሐ አባቱን እንጥራለት፤ ለበሽተኛ በጾም መብላት እንደሚፈቀድለት ካህናቱ ራሳቸው ያስተምራሉ። ሙስሊም ወንድሞቻችንም በረመዳን ሕመምተኛ እንዲያፈጥርና ሲድን እንዲከፍል ሃይማኖታቸው ፈቅዷል። እምቢ ካለም ምስሩ፣ ሽምብራውና ኦቾሎኒው አለ።

አሁን ወደ መዝገባችን እንመለስ። የምናቀርበው ሐሳብ በመዝገባችን «ለታመመ» የሚል አዲስ ዓምድ እንዲከፈት ነው። «ዕድር የተቋቋመው ለቀብር ነው፤ ገንዘቡ ለሕመም ከወጣ ለሬሳ ምን ይተርፋል?» የሚሉ አባቶች እንዳሉ እናውቃለን። ንግግራቸው እውነት አለው፤ የቀብሩ ገንዘብ መነካት የለበትም። እኛም ከዚያ ይነሣ አላልንም። በየሠፈሩ አባሎች ተራ ይግቡ። አንድ አባል ሲተኛ ተረኛው ቤት የዕለቱን ምግብ ያዘጋጅ፣ ሌላው ተረኛ ያድርስ፣ አስታማሚዋም አንድ ሌሊት ወደ ቤቷ ሄዳ እንድታርፍ የሚተካት ሰው ይኑር። ጥሬ ገንዘብ የሚያስፈልገው ለመጓጓዣና ለሳሙና ነው፤ እሱም ለብቻው በፈቃድ ይዋጣ። ዶሮ የሌለው ቤት ምስር አያጣም። ምስር ያጣም ቢሆን እግር አያጣም።

«ይህ ሁሉ ተደርጎ ሰው አይሞትም ወይ?» ብትሉን፣ ይሞታል። ድንኳናችንም ከሥራ አይፈታም። ግን ሞት የሚመጣው እኛ በሩን ከፍተን ስንጠብቀው መሆን የለበትም። አባቶቻችን ሳይቃጠል በቅጠል ብለዋል።

ሐሳባችንን ጨርሰናል፤ ውሳኔው የጉባኤው ነው። ጉባኤው ከተስማማ መስመሩን ለማስመር ማስመሪያውንና እስክርቢቶውን ይዘን መጥተናል። የመጀመሪያው ተረኛ ቤት የእኛ ይሁን።