መድረክ ሳይኖር መለማመድ

ሙያን በራስ ጥረት መማር፣ ማለትም ያለ መምህር በጆሮና በጣት እየሞከሩ መካን፣ ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ ልማድ መሆኑን ዛሬ ማለዳ ወደ ሥራው የሚያመራ አድማጭ ከአንጋፋው ሙዚቀኛ ከኃይሉ መርጊያ ሕይወት ሊረዳ ይችላል። በልጅነታቸው አኮርዲዮንን፣ ማለትም እየተሳበና እየተጨመቀ በአየር ግፊት ድምፅ የሚሰጠውን መሣሪያ፣ በራሳቸው ተምረው፣ ኋላም በዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋችነታቸው የታወቁት ኃይሉ፣ አሜሪካ ቀርተው በዋሽንግተን አካባቢ ለረጅም ዓመታት ታክሲ ሲነዱ፣ ተሳፋሪ በሚጠብቁበት ሰዓት በባትሪ የሚሠራ ኪቦርድ ከመኪናቸው የኋላ ዕቃ መያዣ አውጥተው ይለማመዱ ነበር። መድረክ አልነበረም፤ ልምምዱ ግን ነበር። ጭብጨባ አልነበረም፤ ልምምዱ ግን ነበር። በ1985 እ.ኤ.አ. የቀረጹት ካሴት በ2013 እ.ኤ.አ. ዳግም ታትሞ የኮንሰርት ጥሪ ሲከተል፣ ይህን ዕድል ነው የሚል ቢኖር አይፈረድበትም፤ ሆኖም ስልሳ ዓመት ያለፋቸውን ሙዚቀኛ ወደ ዓለም መድረክ የመለሳቸው ጣታቸው ዝግጁ ሆኖ መቆየቱም ጭምር ነው።